ሠላሳ ሁለት ሜትር ሽቦ

ሳይጠሩት የሚመልስ ተማሪ ከየትኛውም ክፍል አይጠፋም፤ ጭሮ ባለው የጎልማሶች ክፍል ያቺ ተማሪ ኮከቤ ነበረች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጉሊት ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ ትቆይና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበቷን አጣጥፋ ትቀመጣለች። መምህርቷ ሮዳስ የልጇ እኩያ ናት። የዚያን ቀን ሮዳስ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣለችና፣ ርዝመቱ ሃያ ሜትር፣ ወርዱ አሥራ ሁለት ከሆነ ዙሪያው ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ነገሩ እንዲገባቸው ብላ የኮከቤንና የጓደኞቿን የችግኝ ቦታ ልክ ነበር የወሰደችው።

ኮከቤ ጠመኔው ሰሌዳውን ሳይለቅ ሠላሳ ሁለት አለች።

ሮዳስ ፈገግ ብላ ከአንዱ ማዕዘን ተነሳችና በጣቷ ዞረችው። ሃያ፣ አሥራ ሁለት፣ ደግሞ ሃያ፣ ደግሞ አሥራ ሁለት። ስልሳ አራት። ኮከቤ ክው አለች።

እንዲሁ አልነበረም ክው ያለችው። የቡናና የፓፓያ ችግኝ ለማፍላት አምስት ሴቶች ተደራጅተዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከግቢው ቦታ ፈቀደላቸው፣ አንድ ድርጅት ደግሞ የአጥር ሽቦ ሊሰጣቸው ተስማማ። ስንት ሜትር እንደሚፈልጉ ቅጹን የሞላችው ኮከቤ ናት። ከአምስቱ መጻፍ የምትደፍረው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ የዚያን ቀን ደረቷን ነፍታ ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። ሠላሳ ሁለት ብላ ፈርማለች። ሽቦው የሚሰጠው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። ክረምት ሳይገባ ካልታጠረ የሰፈሩ ፍየል ለችግኝ አይመለስም፤ ርዕሰ መምህሩም ያላጠሩ እንደሆነ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

እሑድና ሰኞ ለማንም አልተነፈሰችም። ማክሰኞ ሽቦው መጣ፤ ዘረጉት፤ ሁለት ጎን ሸፍኖ አለቀ። ባዶ በቀረው በኩል አንዲት ነጭ ፍየል ሰተት ብላ ገባችና መሃል ላይ ቆማ አየቻቸው። ሴቶቹ አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ኮከቤ በሀፍረት መሬት ጠበባት። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ከአምስቱ አንዷ ለሆነችው ለጎረቤቷ ለሞሚና ትምህርቱንም እንደምትተወው ነገረቻት።

«ያ ኮከቤ፣ አብሽሪ» አለቻት ሞሚና። «አንቺ ከተውሽ ለእኛ ማን ይቆጥርልናል?»

በማግስቱ ጠዋት ኮከቤ የጓሮዋን አጥር ልታድስ እሾህ ይዛ ወጣች። ጓሮዋ ከተራራው ሥር ነው። ከላይ በኩል የድንጋይ እርከን ይዞታል፣ በጎን የሞሚና ቁልቋል አለ። ስለዚህ በየዓመቱ የምታጥረው የታችኛውንና የመንገዱን ጎን ብቻ ነው፤ አንድ ርዝመት፣ አንድ ወርድ። እሾሁን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ለካ ስህተቱ ከዚሁ ከጓሮዋ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታጥር ከሁለት ጎን በላይ አጥራ አታውቅም። በራሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቋረጠችና ሞሚናን ተጣራች።

ትምህርት ቤቱ በላይኛው ጥግ፣ የድንጋይ ግንቡና ጥቅጥቅ ያለው የቁልቋል አጥር የሚገናኙበት ቦታ አለው። ድንጋይና የተሰበረ ዴስክ ስለሞላበት ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። ኮከቤ በሜትር ለካችው፤ በግንቡ በኩል ሃያ፣ በቁልቋሉ በኩል አሥራ ሁለት ወጣለት። ርዕሰ መምህሩ በፊተኛው ቦታ ፈንታ ያንን ጥግ ከፈለጋችሁት ውሰዱት አላቸው፤ እንዲያውም የሚያጸዳው በማግኘቱ ደስ ብሎታል። አምስቱ ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅሙ ወገባቸው ተቆረጠ።

ቅዳሜ ሮዳስ ስትመጣ የሽቦውን ጫፍ ከመጨረሻው እንጨት ጋር እያሰሩ ነበር። ከቁልቋሉ እስከ ግንቡ ደርሷል፤ አንድ ክንድ እንኳ አልጎደለም።

«እትዬ ኮከቤ፣ ስልሳ አራት ነው አላልንም እንዴ?» አለች ሮዳስ፣ ግራ ገብቷት።

«ስልሳ አራት ነው፣ ቲቸር። ሠላሳ ሁለቱን ግንቡና ቁልቋሉ አጠሩልን። የቀረን ሠላሳ ሁለት ነው።»

ሮዳስ ጥጉን አየችው፣ ሽቦውን አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ጠመኔ አወጣችና፣ ዛሬ ትምህርቱን የሚጀምሩት እርስዎ ነዎት ብላ ሰጠቻት። ኮከቤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደስታዋን መደበቅም አልፈለገችም።

ወደ ክፍል ሲገቡ ነጯ ፍየል መጣች። ሽቦውን እያሸተተች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ሠላሳ ሁለቱንም ሜትር። መግቢያ አላገኘችም።