በአራት ሰዓት ተኩል የሚወድቁ ቅጠሎች

ሆላንድ አገር ሁለት ዓመት በመስታወት ቤት ውስጥ ካናቢስ አብቅያለሁ ብዬ ያወራሁት በማንም ላይ ክፉ አስቤ አይደለም። ከተማችን ፓይሳንዱ ላይ ክረምቱ አይገፋም፤ ወንዝ ዳር ተኮራምቶ የማቴ ቅጠል ሻይ የሚመጥ ሰው ደግሞ ጆሮው ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ነገርኳቸው። የመስታወቱ ቤት ከርዝመቱ የተነሳ በአንዱ በር ዘሩን ይዞ የገባ ሰው በሌላው በር ሲወጣ አዝመራው ደርሶ ይጠብቀዋል አልኳቸው። ምርቱ ሲሰበሰብ የእሳት አደጋ መኪና መሰላሉን ዘርግቶ ይመጣል አልኩ። አንድ ቀን ዶፍ ሲጥል አንዲት ቅጠል ቆርጬ፣ ከነአለቃዬ ከነሚስቱ ከሥሯ ተጠልለን ቤታችን ገባን አልኩ። ሳቁ። እኔ ኤልቢዮ እውነቱን ከተናገርኩ ከዚህ አገር የወጣሁት አንዴ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሬ አርጀንቲና፣ ጎማ ልገዛ።

የእህቴ ባል ዊልማርም አብሯቸው ስቋል። እንዲህ ስቆ ነገሩን የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋል ብዬ አልጠረጠርኩም።

እህቴ ኒቢያ በበጋው አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ደርቆ ረገፈ፤ ህመሙ ግን ኪራይ እንደከፈለ ሰው ጎኗ ውስጥ ተደላድሎ ቀረ። የሐኪሙ ክኒን አፏን ከማድረቅ በቀር ያደረገላት ነገር የለም። እንቅልፍ የሰጣት ታኩዋሬምቦ የምትኖር አንዲት ባልቴት ከካናቢስ ያወጣችው ዘይት ነው፤ ማታ ማታ ከምላሷ ሥር አራት ጠብታ። ባልቴቷ ከዚያችው ተክል ስድስት የሚተከል ቁራጭ ለዊልማር ሰጠችውና በሚያዝያ ሞተች። ልጆቿ ግቢውን ጠርገው ሣር ዘሩበት። ሌላ ዓይነት ዘይት ሞክረናል፤ ኒቢያን ራሷን አዞራት እንጂ ህመሙን አልነካውም። እንግዲህ በዓለም ላይ የእህቴ እንቅልፍ የቀረው ዊልማር ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በስድስት የቀለም ባልዲ ነው።

ስድስቱም በሕግ የተመዘገቡ ናቸው፤ ሕጉ ከስድስት በላይ አይፈቅድም። ዊልማር ቅርንጫፍ ሲሰበርበት እንኳ ሰባተኛ ተቆጥሮ እንዳይያዝ የሚደነግጥ ሰው ነው።

ተክሎቹ መጀመሪያ ሲያድጉ ዊልማር ቀን ነበር የሚሠራው። ሲመሽ ቁም ሣጥኑን ይከፍታል፤ ቅጠሎቹ ወደ መብራቱ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እዚህ አገር እንዲህ ሲሆኑ «እየጸለዩ ነው» ይባላል፤ ደህና ናቸው ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ተለወጠ። የሚሠራበት የሥጋ ፋብሪካ ዊልማርን ወደ ሌሊት ዘበኝነት አዞረው። ተክሎቹም ማበብ ስላለባቸው መብራታቸው በቀን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ተቀነሰ። ኤሌክትሪክ የሚረክሰው ሌሊት ነውና ከምሽቱ አምስት በርቶ ከረፋዱ አምስት እንዲጠፋ አደረገው። ራሱ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ኤልቢዮ፣ ና እስቲ። እጃቸው ወድቋል።»

ሄድኩ። እውነትም ስድስቱም ቅጠላቸውን ጥለዋል፤ ክንፏ እንደራሰ ዶሮ። ዊልማር በካልሲ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ሆላንድ እንዲህ ሲሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?»

ያኔ «ሆላንድን በሥዕል ነው የማውቀው» ብል ያበቃ ነበር። ግን ሰው በዚያ ዓይን ሲያየኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ጎንበስ አልኩ። አንዷን ቅጠል በሁለት ጣት አነሳሁ፣ አሸተትኩ፣ ምላሴን ጠቅ አደረግሁ።

«ጥማት ነው አማቼ። ምላሱን ያወጣ ውሻ አይተህ አታውቅም?»

«ትናንት አጠጣሁ እኮ።»

«ሲያብቡ እንደ ግመል ነው የሚጠጡት። ሮተርዳም ላይ በቦቴ ነበር የምናመላልሰው።»

አጠጣ። በማግስቱ በአራት ሰዓት ተኩል ከፈተ፤ ወድቀዋል። አጠጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ሲሄድ ቁም ሣጥኑ ጨለማ ነው፤ ጨለማቸውን እንዳያበላሽ ብሎ አይከፍተውም። ኒቢያ ከአልጋዋ የምትነሳው ግድ ሲሆንባት ብቻ ነው። መብራቱ በርቶ ቅጠሎቹ ምን እንደሚመስሉ ያየ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ የላይኞቹ ጫፋቸው ወደ ውስጥ እንደ ጭልፊት ጥፍር ተቆለመመ። ዊልማር እንደገና ጠራኝ። እኔም እንደገና ጎንበስ አልኩ።

«ጥፍር አወጡ» አለ ቀስ ብሎ። «ለምንድነው?»

«ሰው ሲርበው ጣቱ አይቆለመምም? ረሃብ ነው። ማዳበሪያ ጨምር።»

«ስንት?»

«እጥፍ።»

ከክፍሏ ኒቢያ ሳቀች። «ያንተ መድኃኒት ሁሉ ጨምር ነው አንተ ቀጣፊ! ቀንስ የምትለው የለህም?»

«ወሬ እንድቀንስልሽ ነው የፈለግሽው?»

«እሱንማ ተወው፤ እሱ ከቆመ ይብሳል።»

እንዲህ ስትስቅ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ ነው፤ ድምፁ መሃል ላይ ይቆረጥና ጸጥ ይላል። ሁለታችንም ያ ጸጥታ እስኪያልፍ ባልዲ ባልዲውን አየን። ዘይቱ ያለበት ጠርሙስ ከራስጌዋ ነበር፤ የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም። አበባው ሊደርስ አራት ሳምንት ይቀረዋል። በቁጠባ ከሄደች ይገጥምላታል ብለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቤቱ መሽተት ጀመረ። የአበባው ሽታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዊልማር ግን አፍንጫውን ባልዲ ውስጥ ከትቶ ቀና ሲል ፊቱ ልክ አልነበረም። በዚያው ቀን ብስክሌቴን ይዤ ዶን ሶሲሞ ቤት ሄድኩ። ዶን ሶሲሞ ሳልቶ በሚባል ከተማ የብርቱካን እርሻ ላይ አርባ ዓመት ውኃ ሲያጠጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን የከተማው ካናቢስ አብቃዮች ማኅበር የሚያማክረው እሳቸውን ነው። እኔን አይወዱኝም። አንድ ጊዜ ውሻቸው በሬዲዮ ዜና አነበበ ብዬ አስወርቻለሁ።

«ተክሎቹ ሸተቱ የምትለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው ዶን ሶሲሞ።»

«ወይ ጉድ። አንተ እውነት ካልክማ ነገሩ ከብዷል።»

በማግስቱ መጡ። ዊልማር ገና ከሥራ መግባቱ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፈተላቸው፤ ሽማግሌው ግን ቅጠሉን ዞር ብለውም አላዩት።

«መብራቱ ስንት ሰዓት ይጠፋል?»

«አምስት ሰዓት» አለ ዊልማር።

ዶን ሶሲሞ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «አሁን አራት ተኩል ነው። ጤነኛ ቢሆኑም በዚህ ሰዓት እጃቸውን ይጥላሉ። እነዚህ ነገሮች ሰዓት ያውቃሉ፤ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ቀድመው ይተኛሉ። አንተስ ልትተኛ ስትል እጅህን ወደ ላይ ትዘረጋለህ?»

ዊልማር ዞሮ ቅጠሎቹን አየ።

«መጀመሪያ ያየሃቸው ቀን ምንም አልነበሩም» አሉ። «እንቅልፋቸውን ነው ያየኸው። ማን ነው ውኃ አጠጣ ያለህ?»

እኔ ወለሉን አየሁ። ሽማግሌው አንዱን ባልዲ አቅፈው ሊያነሱ ሞከሩና መልሰው ለቀቁት። «እርጉዝ ላም ነው የሚመስለው።» ከዚያ ዊልማርን አስፈቅደው ተክሉን ከነአፈሩ ገልብጠው አወጡ። ሥሩ ነጭ መሆን ነበረበት። ቡናማ ነው፤ በጣታቸው ሲነኩት ብዙ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ልጡ ተገፎ በእጃቸው ቀረ። ሁለተኛውን አወጡ። ሦስተኛውን አላወጡም፤ አሸተቱትና ተዉት።

«ምን ይደረግ?» አልኩ።

«ምንም።»

«ቆርጠን ብንተክለውስ?»

«ይኼን? በዚህ አበባው፣ በዚህ ሥሩ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይድረቅ፤ ንፋስ ይግባው፤ ጠብቁ። ግን እያወቃችሁ ጠብቁ።»

አንድ ነገር ፍጠሩ፣ ስም ያለው ዱቄት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጠብታ፣ ምንም ይሁን ልላቸው ፈለግሁ። እኔ ብሆን በዚያች ደቂቃ ሦስት መድኃኒት እፈጥር ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ።

ዊልማር ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ቢሰድበኝ፣ በጥፊ ቢያጮለኝ ጠብቄ ነበር፤ ጉንጬንም አዘጋጅቻለሁ።

«ሆላንድ ሄጄ አላውቅም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ጎማ ልትገዛ ስትሄድ ድልድዩ ድረስ የሸኘሁህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን እኔን ጠየቅከኝ?»

ካልሲው ላይ የተጣበቀ አፈር እየላጠ፣ «ሌላ ሰው ብጠይቅ አልቆላቸዋል ይለኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። «አንተ ግን መልስ አጥተህ አታውቅም። መልስ ነበር የፈለግሁት።»

መብራቱ በዚያን ጊዜ ቀጭ ብሎ ጠፋ። አምስት ሰዓት ሆኗል።

አንዳንድ ቀን አንዲት ቅጠል ቀና ያለች ይመስለን ነበር። ዊልማር ፈረቃውን እንዲቀይሩለት ተለማምጦ አንድ ምሽት ቤት ቀረ፤ መብራቱ ሲበራ በወንበር ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጠበቀ። አንዳቸውም አልተነሱም። በአሥረኛው ቀን አበባው ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣና ስድስቱንም ግቢ አውጥተን አቃጠልናቸው። እርጥብ ስለነበሩ ጭሱ በዛ፤ የጎረቤት ሴትዮ በአጥር በኩል «ስጋ ነው የምትጠብሱት?» ስትል ዊልማር «አዎ» አላት። ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለኒቢያ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጥማቱንም፣ ረሃቡንም፣ እንቅልፉንም። ስጨርስ ፈገግ እያለች ታየኝ ነበር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ ምንም የለም።»

«ሂድ ወዲያ! ያንተ ወሬ እንዲህ ሆኖ አያልቅም።»

«ኒቢያ፣ ወሬ አይደለም።»

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠርሙሱን ከራስጌዋ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፤ ወደ ጎን አዘነበለችው፤ መለሰችው። አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በደህናው ጎኗ ተኛች።

«ሸሚዙ» አለች። «ነካኝ።»

ጨርቅ እንኳ ሲያርፍባት እንደ እሳት ነው የሚያቃጥላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና የሸሚዟን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ይዤ ከጎኗ ከፍ አደረግሁት። እንደዚያው ሆንን። ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ «እንዳትለቀው» አለች።

በሌላው እጄ ያዝኩት።