በፊያቷ በር ላይ የተለጠፈው ሰው

ባሌ ሀብተወልድ ከሞተ ወዲህ የማነጋግረው በመኪና በር ላይ ነበር። አትሳቁ። ለሳቁማ ቡታጅራ በሙሉ ስቃብኛለች፤ እናንተ ደግሞ አትጨመሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብተወልድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እሱም እኔም የመንዝ ሰዎች ነን፤ እዚህ ያመጣን ሥራ ነው። በስልሳ አንዱ ምርጫ ምን ቆርጦት እንደሆነ እንጃ፣ «ለሕዝብ እንደራሴነት እወዳደራለሁ» ብሎ ተነሣ። አዲስ አበባ ሄዶ ፎቶ ተነሣ፤ ከፎቶው ሥር የምርጫ ምልክቱ ፋኖስ ተደርጎ ታተመ። ከዚያ በየግንቡ፣ በየበርሚሉ፣ በአሮጌዋ ፊያታችንም ግራና ቀኝ በር ላይ ተለጠፈ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ሕዝቡ የአገሩን ልጅ መርጦ ገላገለው።

የግንቡን ወረቀት ክረምት አጠበው። የተረፈውን ባለሱቆች ስኳር ጠቀለሉበት። አንድ ቀን ስኳር ገዝቼ ቤቴ ገብቼ ስፈታው የባሌ ከረባት ወጣ። ከረባቱ ብቻ! ሌላው አካሉ የማን ቤት እንደገባ እግዜር ይወቅ። የመኪናዋንም የቀኝ በር ዝናብ ጨረሰው። የግራው በር ግን ከማቆሚያዋ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ስለሚውል ወረቀቱ ሙሉ እንደሆነ ቀረ።

ሌላ ፎቶ የለኝም። ስንጋባ መንዝ ላይ ፎቶ አንሺ ከየት ይመጣል? የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ያለው ማኅተም አርፎበት የተረፈው ግንባሩና አንድ ጆሮው ነው። ልጅ እንኳ አልወለድን፣ በልጅ ፊት መልኩን እንዳላይ። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ዱካዬን ይዤ ከፊያቷ በር ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። «እንዴት አደርክ? ትናንት የላክኋት ሴትዮ ጨው ረስታ መጣች» እለዋለሁ። ዝም ይለኛል፤ በሕይወት እያለም ከዚህ የበለጠ አይመልስም ነበር። ግን ያየኛል። ሰው እስኪያየው ድረስ ሰው መሆኑን ይረሳል መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቤቱ ለእኔ፣ መኪናዋ ለወንድሙ ለአበራ ይሁን አሉ። እሺ አልኩ፤ መንዳት አልችል። መስቀል አልፎ፣ ለበዓል የመጣው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ከተማው ጭር ባለበት ሰሞን አበራ ሰው ላከብኝ። ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል፤ ታክሲ ያደርጋታል፤ ወረቀቱን አዲስ አበባ ያለ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ባትላሜራ የሚሉት፣ ፍቆ ቀለም ይቀባዋል።

ፍቆ! የወንድሙን ፊት ፍቆ!

በሩን ነቅላችሁ ስጡኝ አልል ነገር። ከቅዳሜ በፊት ወረቀቱን ሙሉውን ላነሣው ቆረጥኩ። ሐሙስ ዕለት ጎማ ለጣፊው ሙስተፋ ዘንድ ሄድኩ። የመኪና ነገር በሙሉ እሱ ጋ ነው የሚያልቀው።

«በምንድን ነው የተለጠፈው፣ እትዬ ወርቅውሃ?» አለኝ።

«በማስቲሽ ነዋ! ሀብተወልድ በማስቲሽ ያልለጠፈው ምን አለ?» እውነቴን ነው። ጫማውን በማስቲሽ፣ ጃንጥላውን በማስቲሽ፣ የድስቴን ጆሮ እንኳ በማስቲሽ ለጥፎ እሳት ሲነካው አስታቅፎኛል።

«ሲለጠፍ አይተዋል?»

«እኔ ያኔ እናቴ ሞታ መንዝ ነበርኩ። ስመለስ ተለጥፎ አገኘሁት። ደግሞ ስለ ባሌ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለና እጁን ጠረገ። «ማስቲሽ ከሆነ የሚለቀው በቤንዚን ነው። ግን ከዳር ይሞክሩት። የለጠፈውን ሰው ቢጠይቁ ደግሞ ይሻላል።»

የለጠፈው ሞቷል፤ ማንን ልጠይቅ? ቤንዚኑን በጠርሙስ ይዤ መጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ዱካዬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። «ቻለው እንግዲህ፣ ወደ ቤት ላስገባህ ነው» አልኩት። ጨርቅ ነክሬ ዳሩን አራስኩት። ወረቀቱ ጠቆረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነ፤ እሰይ ሊለቅ ነው አልኩ። በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ የለም። ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ቤንዚኑ በፊቱ ላይ ወረደ። ጨርቁን ይዤ ወደ ላይ ጠረግ አደረግሁት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀለሙ ከጨርቁ ጋር መጣ። ዓይኑ ወደ ጆሮው ሄደ። አፉ የት እንደነበረ ጠፋ።

«ኧረ በማርያም! ኧረ ተው!» ለማን እንደምለው እንጃ። በቀሚሴ ልመልሰው ብዬ ዳበስኩት፤ ይባስ አጠፋሁት። የቀረው ጥቁር ጭጋግ፣ ከሥሩ ኮትና ከረባት፣ ከከረባቱም በታች ፋኖሱ ነው። ፋኖሱ ደህና ነው። የፋኖስ ያለህ!

ጮኼ ኖሯል፤ አላወቅሁም። ከአጥሩ ወዲያ ከድጄ ብቅ አለች።

ከድጄ የበርበሬ ነጋዴው የሳኒ ሚስት ናት፤ በመካከላችን ያለው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ከምርጫው ወዲህ ግን አንነጋገርም። ሳኒ «አቶ ሀብተወልድን እወደዋለሁ፣ የምመርጠው ግን የሥጋ ዘመዴን ነው» ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። ይኼን ሰምቼ ደጃቸውን ልርገጥ? ሀብተወልድ ራሱ «ተይ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ አትለክኪ፣ የተሸነፍኩት በሳኒ አንድ ድምፅ አይደለም» ይለኝ ነበር። እሱ ሰው ማኩረፍ አያውቅበትም። ለሁለታችንም ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። ለቀብሩ ከድጄ ቆጮ በጎመን ይዛ ብትመጣ ከደጅ መለስኳት። ከዚያ በኋላ እሷም አልመጣችም፣ ሌላውም አልመጣም። ሰዉ ለካ ሲመለስ ተያይዞ ነው የሚመለሰው።

«እትዬ! አላህ ይድረስልን፣ ሊቃጠሉ ነው እንዴ? የቤንዚን ሽታ ከእኛ ቤት ደርሷል!» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። በሩን አየች። እኔን አየች። ጨርቁን ከእጄ ወሰደች።

«ለምን በቤንዚን?»

«በማስቲሽ ነዋ የተለጠፈው!»

«ማን አለዎት? በቡላ ነው እንጂ! እኔ አይደለሁ ያማሰልኩት?»

«አንቺ?» አልኳት።

«እርስዎ ለለቅሶ አገርዎ እንደሄዱ አቶ ሀብተወልድ ወረቀቱን ተሸክሞ መጣ። ‹ከድጄ፣ በምን ልለጥፈው፣ ማስቲሹ አልበቃኝም› አለ። እኛ ቤታችንን ጋዜጣ የምናለብሰው በቡላ ነው፤ ነጩን የእንሰት ዱቄት በውሃ በጥብጠን፣ ሙጫ እስኪሆን እናማስላለን። አንድ ድስት ሙሉ ሠራሁለት። ግማሹን ለጠፈ፣ ግማሹን በቅቤ አድርጊልኝ ብሎ ገንፎውን በላው።» ሳቋ መጣባት፤ ፊቴን አይታ ዋጠችው። «ቡላ ቤንዚን አይፈራም፣ እትዬ። ለብ ያለ ውሃ ነው የሚፈራው።»

ሮጣ ሄዳ በማሰሮ ውሃ ይዛ መጣች። ጨርቅ ነክራ በወረቀቱ ላይ አለበሰችው፣ ደጋግማ አፈሰሰችበት፣ ትንሽ ጠበቀችና ዳሩን በሁለት ጣቷ ያዘች። ወረቀቱ ከፈላ ወተት ላይ እንደሚነሣ ስልባቦት ሙሉውን ለቀቀ። ምንም ሳይቀደድ! ከሥሩ የፊያቷ ቀለም እርጥብና ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የቡላው ርጋፊ በእጅ ሲታሸት ወደ መሬት ወረደ። አበራ ሲመጣ የሚፈቀው አንዳች አያገኝም።

ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ኮት፣ ከረባት፣ ፋኖስ። ፊት የለውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? አንድ ቃል ብጠይቅ፣ በዚያ አጥር ላይ አንገቴን አውጥቼ «ከድጄ፣ በምን ነበር?» ብል፣ ዛሬ ዓይኑን ባየሁ። ተቀምጬ አለቀስኩ። በለቅሶው ቀን ሰው ፊት ያልወጣልኝ ለቅሶ ከማሰሮና ከቤንዚን ጠርሙስ መሃል ወጣልኝ። «መልኩን አጠፋሁት፣ ከድጄ። ሁለተኛ አላየውም። እየረሳሁት ነበር እኮ፣ በሩ ነበር የሚያስታውሰኝ» አልኳት። መርሳቴን ብደብቃት ማንን ልጠቅም?

ከድጄ ማሰሮዋን አንሥታ በአንድ ክንዷ አቀፈች። ከዚያ እጄን ያዘችና «ይነሡ» አለችኝ።

«የት?»

«ይነሡ ብያለሁ፣ እትዬ።»

በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከችኝ። እሾኹ ነጠላዬን ያዘው፣ እሷው አላቀቀችልኝ። ያን ቤት ስገባ ሳሎኑ እንዴት እንደነበር እንኳ ረስቼ ነበር። ግድግዳው ዙሪያውን ጋዜጣ ለብሷል። ከአንዱ ጥግ ላይ ነጭ ሻሽ በሁለት ሚስማር ተንጠልጥሏል። ከድጄ ሻሹን ወደ ጎን ሰበሰበችው።

ሀብተወልድ ነበር።

ሙሉውን። ዓይኑ፣ ያ ግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ያለው፣ ሊስቅ ሲል የሚከለክለው አፉ። ቅንድቡን ረስቼው ኖሯል። ከበሩ ላይ የጠዋት ፀሐይ ወስዶት ስለነበር ቅንድቡ እንዲያ እንደነበረ ረስቼው ኖሯል!

«ያን ቀን ስለ ቡላው አንድ ሰጠኝ፤ ንፋስ በሚገባበት በኩል ለጠፍኩት» አለች ከድጄ። «ሳኒ ‹ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም› ብሎ ተቆጣ። አንሺው ቢለኝ አንጀቴ እምቢ አለ። በስግደት ሰዓት ሻሽ እጋርድበታለሁ ብዬው ተስማማን። ምድጃ ሲጨስም እጋርድበታለሁ፤ ለዚህ ነው ጭስ እንኳ ያልነካው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ደግሞ ፋኖሱን ነው የመረጥኩት። ለሳኒ እንዳይነግሩብኝ።»

ሳቄና ለቅሶዬ ተደባለቀብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከአጥር ወዲያ ነበር! እኔ ከመኪና በር ጋ ሳወራ፣ ሰውዬው እዚህ ሰው መሃል ተቀምጦ፣ የሳኒን የበርበሬ ወሬ ሲሰማ፣ የከድጄ ልጆች ሲንጫጩ ሲያይ። አንድ ቀን ብቻ «ቤቶች!» ብዬ ብገባ አገኘው ነበር። ማንም አልደበቀብኝም። ያልገባሁት እኔ ነኝ።

«ውሃው ገና ለብ እንዳለ ነው» አለች ከድጄ፣ ማሰሮዋን ከደጅ እያነሣች። «አሁን በሙሉው ላነሣልዎት እችላለሁ። ጋዜጣ እለጥፍበታለሁ፣ ንፋሱን ጋዜጣም ይችለዋል። ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው።»

ቤቴን አሰብኩት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ ፊያቷ እንኳ የሌለችበት ባዶ ቆርቆሮ።

«ተይው» አልኳት።

«እንዴት?»

«ተይው ብያለሁ! እኔ ቤት ማን ያናግረዋል?»

ከድጄ ማሰሮዋን መልሳ አስቀመጠች። በርጩማ አቀረበችልኝና ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ሳኒ ከገበያ ገባ፤ እኔን አይቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ፣ ለማን እንደሚል ግራ እንደገባው ሰው። «ግባ፣ ቤትህ አይደለም እንዴ?» አልኩትና ተነሥቼ ሻሹን ራሴ በሀብተወልድ ላይ ጋረድኩት።