የውስጠኛው መስመር

ሒክማና ቢሌን ኦክላንድ ውስጥ ሾርት ትራክ የሚባለውን የበረዶ ላይ ሽቅድምድም ሲጀምሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የቢሌን እናት ወይዘሮ ሓዳስ የአሥመራ፣ የሒክማ አባት ኡስማን የደሴ ሰው ናቸው። ጎረቤታሞች ስለነበሩ ልጆቹን ወደ ልምምድ ተራ በተራ በመኪና ያደርሷቸው ነበር።

ልጆቹ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሳን ሆዜ ላይ ለብሔራዊው ውድድር ማጣሪያ ተደረገ። የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንድ ዙር ሲቀር ቢሌን ሁለተኛ፣ ሒክማ ሦስተኛ ነበሩ። መታጠፊያው ላይ ሒክማ በውስጥ በኩል ገባች። ቦታው እንደማይበቃ አይታለች። ግን ልምምድ ላይ ቢሌን ሁልጊዜ መንገድ ትለቅላት ነበር።

ዛሬ አልለቀቀችም። ተያይዘው ወደቁ፤ የሒክማ ጫማ ስለት የቢሌንን የተረከዝ ጅማት በጠሰው። ዳኞቹ ሒክማን ከውድድሩ ሰረዟት።

ሆስፒታል ውስጥ ኡስማን አንገታቸውን ደፍተው፣ “እትዬ ሓዳስ፣ ምን ልበልዎት?” አሉ።

“ምንም አይበሉኝ። ስፖርት ነው፣ ይወድቃሉ” አሉ ወይዘሮ ሓዳስ። ሒክማን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ቢሌን አልጋዋ ላይ ሆና፣ “ትሩዙን ንገሪኝ፣ እውነቱን። የምትገቢበት ስፔስ ነበረ?” አለቻት።

“ነበረ” አለች ሒክማ።

ቢሌን ዳግመኛ አልተወዳደረችም። ሒክማ በዓመቱ ማጣሪያውን አለፈች፤ ነገር ግን መታጠፊያ ላይ ሰው ፊቷ ካለ እግሯ እሺ አይላትም። አሰልጣኟ “ግቢ!” እያለ ይጮኻል፤ እሷ በውጭ በኩል ትዞራለች። እንዲህ ሆና ሁለት ዓመት ከቆየች በኋላ አቆመች።

ባቆመች በሳምንቱ ኤመሪቪል ውስጥ ቢሌን ወደምትሠራበት የጫማ መደብር ሄደች።

“ዋሽቼሻለሁ። ስፔስ አልነበረም። ትለቂልኛለሽ ብዬ ነው የገባሁት” አለቻት።

ቢሌን የያዘችውን ካርቶን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። “አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ያኔ ከኋላዬ ስትመጪ ሰምቼሻለሁ። ስምንት ዓመት ለቀቅኩልሽ፤ ያን ቀን ግን አልለቅም አልኩ።”

“ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?”

“ከአንቺ አፍ መስማት ፈልጌ ነበር። ያኔ።”

ደንበኛ ጠራቻት። ቢሌን ትንሽ እያነከሰች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓሉ ቴክስት ይደራረጋሉ። ሌላ ጨዋታ የላቸውም።