በመዝገብ ያልሰፈረ ሕመም

የወታደር ማሰልጠኛው ምልምሎች «ድንቢጥ» የሚሏት ቁመቷን አይተው ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ተሸክማ ስትሄድ ከኋላዋ ላለ ሰው የሚታየው ሻንጣና ሁለት እግር ብቻ ነበር። «ሻንጣው እግር አወጣ» ብለው ሲስቁ እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁስ ይሁን፤ ቀልድ አጥንት አይሰብርም። ረጃጅሞቹን ከፊት፣ አጫጭሮቹን ከኋላ አሰልፎ «እርምጃ እኩል» ማለት ግን ምን የሚሉት ጥበብ ነው? የፊተኞቹ እንደ ልባቸው ሲራመዱ እሷ እግሯ እስኪገነጠል ትዘረጋለች። በዚያ ላይ ሸክሙ፣ በዚያ ላይ ዳገቱ።

በአምስተኛው ሳምንት ብሽሽቷን ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ ስትሮጥ፣ ቀጥሎ ስትራመድ፣ በኋላ ካልሲ ለማጥለቅ እግሯን ስታነሳ።

ለዚህ ለዚህማ የሕሙማን መዝገብ አለ። ያመመው ሰው ጠዋት ከቆጠራ በፊት ይመዘገባል። በስልጠና ላይ መጎዳቱ የተጻፈለት ታክሞ ከሚቀጥለው ዙር ጋር ይቀጥላል፤ ያልተጻፈለት «ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው» ተብሎ ይሰናበታል። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን የቡድኑ አሰልጣኝ ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ደብተርና ጫማ የገዛላት፣ «ወንድም ጋሼ» የምትለው። ወንድም እያለ መዝገብ ምን ያደርጋል?

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ጠብቃ ነገረችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ብሽሽቴን እያመመኝ ነው። እግሬ አልነሳ እያለኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ ጡንቻ ነው።» ግራ ቀኙን አየ። «ብቻ እንዳትመዘገቢ። እህቱን ያሞላቅቃል ይሉኛል። ሸክምሽን እኔ አስቀንስልሻለሁ።»

ሸክሙ አልተቀነሰም። ሁለት ጊዜ ደግማ ነገረችው፤ ሁለቴም «አይዞሽ» አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ መቼ ደበቀች? የነገረችው ለመዝገብ ሳይሆን ለሰው ሆነ እንጂ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ የሃያ ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሻንጣዋን እንደተሸከመች ወደቀች። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ፣ የዳሌ አጥንቷ መሰንጠቁን አሳየቻት። «የዛሬ አይደለም» አለቻት፤ «ሳምንታት ተራምደሽበታል።»

ያስቀጥሏት ወይ ያሰናብቷት እንደሆነ የሚወስነው ኮሚቴ ፊት በክራንች ገባች። ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጦ እስከ መጨረሻው አየ።

«ስምሽ የለም።»

«ለአሰልጣኜ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

ሰብሳቢው ወደ ወንድሟ ዞረ። ወንድም ጋሼ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወደ እሷ አላየም።

«አልነገረችኝም ጌታዬ። ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ ነበር፤ ምናልባት የዚያ ይሆናል።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከዛፍ መውደቋስ እውነት ነው፤ የተሰበረው ግን ክንዷ ነበር። አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ደግሞ ራሱ ነው። ከዳሌዋ ይልቅ ይህ አመማት። ስሟ በመዝገቡ ስለሌለ «ከቤቷ ይዛው የመጣች» ተብላ ተሰናበተች።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ሊያግዛት መጣ። ሸሚዟን እያጣጠፈ «ሹመቴ ደርሶ ነበር» አለ። «ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«እውነቱን መናገር» አለችው።

ስልኳ ጮኸ። እናታቸው ነበረች።

«ልጄ፣ እግርሽን ሰማሁ። ወንድምሽ እዚያ ባይኖርልሽ ምን ይውጥሽ ነበር? እስኪ አቅርቢልኝ፣ ልመርቀው።»

ስልኩን ዘረጋችለት። ቢያንስ ለእናታቸው ይናገራል ብላ ነው። ተቀበላት፤ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ጀመር።

«አሜን» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሜን፣ እማዬ። አሜን።»