ቡናው እስኪደርስ የቆየው መርፌ

ልጄ ነዚፍ ውሻችንን ቡሬን ከያዮ ሲያመጣው፣ ውሻው ከጭነት መኪናው ላይ ራሱ መውረድ አልቻለም። ነዚፍ አቅፎ አወረደው። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ሳየው፣ እንደ ልማዴ መጀመሪያ የታየኝ መጥፎው ነገር ነው። ውሻው አንገቱን ዘርግቶ ሳለ። ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስል ነበር።

«መንገዱ ነው ያደከመው» አለ ነዚፍ።

ከጎኔ ማር የምትሸጠው ዋሪቱ ገና ሳልናገር ፊቴን አይታ ሳቀች። «ጀመራት። ይቺ ሴት ፀሐይ ስትወጣ ድርቅ፣ ደመና ሲመጣ ጎርፍ ነው የሚታያት። ውሻ አይስልም እንዴ፣ ዘህሬ?»

«ሲሮጥም ይስላል?» ብዬ ልጄን ጠየቅሁት።

«መሮጥ ትቷል» አለኝ፣ ወደ ሌላ እያየ።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያዮ ጫካ ያለውን ቡናችንን የሚጠብቀው ነዚፍ ብቻውን ነው። ቡናው መቅላት ሲጀምር ቀን ዝንጀሮ ይመጣል፤ ማታ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ጎጆው ደጃፍ ላይ የሚተኛው ቡሬ ነበር። እኔ መቱ ከተማ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ ከወሰደኝ፣ እዚያ ውሻ አለ ብዬ ነው።

ውሻውን የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሴና ጋ ወሰድነው። ሴና ታውቀዋለች። ካቻምና ኅዳር ላይ የገበሬ ከብት ለማከም ያዮ ሄዳ ሳለ አይታው፣ ለራሷ ውሻ ከአዲስ አበባ ካስመጣችው መርፌ ወግታው ነበር። ትንኝ ከታመመ ውሻ ወደ ጤነኛው የምታስተላልፈው ትል አለ፤ አድጎ ልብና ሳንባ ውስጥ ይኖራል። መርፌው አንዴ ከተወጋ ስድስት ወር ሰውነት ውስጥ እየቆየ ይሠራል፤ ትሉን ገና ደቃቅ ሳለ ይገድለዋል። «ግንቦት ላይ ይደገም፤ ትንኙ የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው» ብላ ለነዚፍ ነግራው ነበር።

ግንቦት ላይ ለነዚፍ ነገርኩት። «ቡናው ሲደርስ» አለኝ። እኛ ዘንድ ሠርጉም፣ የቤቱ ቆርቆሮም፣ የልጆች ጫማም፣ ጥርስ ማስነቀሉም ቡናው ሲደርስ ነው። ቡናው ሲደርስ ደግሞ ቡናው ፋታ አልሰጠውም፤ ውሻውም ዝንጀሮ ሲያባርር ላየው የታመመ አይመስልም። ሁለተኛውም ክረምት እንዲሁ አለፈ። እኔ መናገሩን አላቆምኩም። ግን ስለ ድልድዩም፣ ስለ እባቡም፣ ስለ ጉንፋኑም የምናገር ሴት ስለሆንኩ ይህንን ለይቶ የሰማኝ የለም።

ሴና ደረቱን አዳመጠች። ከእግሩ ደም ወስዳ መስታወት ላይ ጠብ አደረገችና በማይክሮስኮፕ አየች። ብዙ አልቆየችም።

«እትዬ ዘህራ፣ ማየት ይፈልጋሉ?»

አሥረኛ ክፍል የሽንኩርት ልጣጭ ካየሁ ወዲህ በዚያ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ጎንበስ አልኩ። እንደ ክር ቁራጭ ያሉ ነገሮች በደሙ መካከል ይጥመለመላሉ። ብዙ ነበሩ።

«እነዚህ የትሉ ልጆች ናቸው» አለች ሴና። «ትልልቆቹ ልቡ ውስጥ ናቸው።»

«እሺ፣ መርፌውን ይስጡት» አላት ነዚፍ።

«የቱን?»

«ያን ጊዜ የሰጡትን። የስድስት ወሩን።»

«እሱ መከላከያ ነው፣ ነዚፍ። ያደገውን ትል አይገድለውም። ደሙ ውስጥ ይህን ያህል እያለ ብወጋው ጭራሽ ልጎዳው እችላለሁ።»

«ያደገውን የሚገድለውስ?»

«እሱ ሌላ መድኃኒት ነው። ለሌላ ሰው ውሻ አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ አጥቻለሁ። አሁን ቢገኝም ልቡ የሚችለው አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አይሩጥ። ታስሮ ይረፍ። በሮጠ ቁጥር የሚጎዳው ልቡ ነው።»

ነዚፍ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር አግኝቶ አይደለም። «እሺ። እኔ ዝንጀሮውን ላሯሩጥ፣ እሱ ተኝቶ ይየኝ።»

ቡናው ቀልቶ ስለነበር በማግስቱ ሊሄድ ተነሳ። ቡሬን ጓሮ አቮካዶው ሥር አሰረውና ጆሮውን እያሻሸ በኦሮምኛ አዋራው። ከውሻው ጋር በኦሮምኛ ነው የሚነጋገረው፤ ከእኔ ጋር ከሚያወራው የበለጠ ያወራዋል።

«ኪቲላን ይዘኸው ሂድ» አልኩት። ኪቲላ ያዮ ያለው የማሳ ጎረቤታችን ልጅ ነው።

«ኪቲላ የራሱ ቡና አለው።»

«ታዲያ ብቻህን?»

«እማ፣ ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«አልነበርክም» አልኩት። ቡሬን አንዴ አይቶት ወጣ።

ቡሬ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመንገድ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ገመዱን እየጎተተ ይነሳ ነበር። ይነሳል፣ ይስላል፣ ይወድቃል። በኋላ መነሳቱን ተወው። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ተነፋ። ሥጋ ቀቅዬ አቀረብኩለት፤ አፍንጫውን እንኳ አላዞረም። ውሻ ነክቼ የማላውቅ ሴት፣ ጭንቅላቱን ደግፌ ውኃ ላጠጣው ሞከርኩ፤ ውኃው በአፉ ጎን ፈሰሰ። ዋሪቱ መጥታ አየችው። ትቀልዳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ዘንድሮ እንኳ ልክ ባልሆንሽ» አለችኝ ስትወጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ልየው ብዬ ጓሮ ብወጣ ሞቶ አገኘሁት። ሥጋው እንዳስቀመጥኩት ነበር። ጉንዳን ወጥቶበታል።

ጎጆው አካባቢ ኔትወርክ የለም። ነዚፍ ዓርብ ዓርብ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነው የሚደውልልኝ። እስከዚያ የምለውን ሳስብ ቆየሁ። ስልኩ ሲጠራ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«እማ፣ ቡሬስ?»

«ሞተ» አልኩት።

ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«አለሁ» አለ። «ዝንጀሮዎቹ አውቀዋል። ትናንት ጎጆው ደጃፍ ድረስ መጡ፤ ድንጋይ ብወረውር ቁጭ ብለው ያዩኛል።»

«ሴና የውሻዋን ቡችላ እሰጣችኋለሁ ብላለች። ጤነኛ ነው። ከአሁኑ መርፌውን ቢጀምርና በየስድስት ወሩ ቢወጋ...»

«ግንቦት ላይ መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«መኪና አይገባም። ቡችላውን ተሸክሜ ልመጣ ነው? ማሳውንስ ለማን ትቼ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሲሞት በልቶ ነበር?» አለኝ።

«በልቷል» አልኩት። «ሥጋ ቀቅዬለት ጨርሶ በልቷል።»

«ደህና» አለ። ወዲያው ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይጠራም። ወደ ጎጆው መውረድ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን ቁልቁለት የሚወርደው ብቻውን ነው።