ቱየት የቀረችበት ፈተና

በዚያ መንደር ከሌላ ቦታ ተድራ የመጣች ሴት ሁሉ ስሟን እናቷ ቤት ትታ ነው የምትገባው። ከቦሰንግ የመጣችው እስክትሞት የቦሰንጓ ናት፤ ከናጁ የመጣችው ሰማንያ ቢሞላትም የናጁዋ ናት። ስለዚህ ቱየት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጂንቴ የሚባለውን ነጭ ሽንኩርት አራሽ አግብታ ስትመጣ አሮጊቶቹ ብዙ አልተጨነቁም። የቬትናሟ አሏት፣ አለቀ። ከቦሰንግም ትምጣ ከቬትናም፣ ለእነሱ ያው ከውጭ የመጣች ሙሽራ ናት። መንግሥት ግን እንደ አሮጊቶቹ በቀላሉ አይረካም። መንግሥት ቋንቋ ይፈትናል፣ ታሪክ ይጠይቃል፣ ቁጭ አድርጎ ብሔራዊ መዝሙር ያዘምራል።

ቱየት ዜግነት ለማግኘት የቀራት ይኸው የቃል ፈተና ብቻ ነበር። ሁለት ዕድል ይሰጣል፤ አንዱን አቃጥላዋለች። ጂንቴ ትራክተር ተገልብጦበት በሞተ በወሩ ነበር የተጠራችው። ጥያቄውን ሁሉ መለሰች፣ መዝሙሩ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን መስመር እንደጨረሰች ድምጿ ተቆረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ፈታኙ ደግ ሰው ነበር። ውሃ ሰጣት፣ መሐረብ ሰጣት፣ ከዚያም ጣላት።

አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በየዓመቱ የሚታደሰው የባሏ ወንድም ጂንሆ ዋስ ሆኖ ሲፈርምላት ነው፤ እሱም ለመኸር በዓል ከኢንቾን ከተማ ሲመጣ በረንዳው ላይ አስቀምጦ ቁርጡን ነግሯታል።

«ከእንግዲህ አልፈርምም። ዜግነቱን ካገኘሽ ቤቱም እናቴም በእጅሽ ናቸው፣ እግርሽ ላይ ወድቄ አመሰግንሻለሁ። ካላገኘሽ ግን እናቴን መጦሪያ አስገባለሁ፣ ቤቱን እሸጣለሁ፣ አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ። እኔም ሰው ነኝ፣ ደክሞኛል።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መስደብ ይቻል ነበር።

ያን የብርድ ወቅት የመንደሩ የጋራ አዳራሽ ትምህርት ቤት ሆነ። አሮጊቶቹ ከሥር በሚሞቀው ወለል ላይ እግራቸውን ዘርግተው ካርታ እየተጫወቱ ቱየትን መሃል አስቀምጠው ያፋጥጧታል።

«ባንዲራው መሃል ያለው ክብ፣ ቀዩ ከላይ ነው ከታች?» አሉ የናጁዋ ዓይናቸውን ከካርታቸው ሳያነሱ።

«ከላይ» አለች ቱየት።

«ከታች ነው እንጂ!» አሉ የቦሰንጓ።

«ኧረ በሞትኩት! ይህን ሁሉ ዘመን ባንዲራውን ዘቅዝቀሽ ነው ስትሰቅዪ የኖርሽው?» አሉ የናጁዋ።

«እኔን ማን ሊፈትነኝ! የእኔ አጥንት እዚህ ነው የሚቀበረው።»

«አንቺን ቢፈትኑሽማ ከዚህ ብቻ አይደለም፣ ከቦሰንግም ያባርሩሽ ነበር።»

ቱየት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። የባሏ እናት፣ እማማ ፒልሱን፣ ወለሉ አብልጦ የሚሞቅበት ቦታ ላይ ተቀምጠው እነሱም ይስቃሉ፤ በምን እንደሚሳቅ ግን ሁልጊዜ አያውቁም። ካለፈው ዓመት ወዲህ እማማ ፒልሱን መርሳት ጀምረዋል። ጫማቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ለሞተው ልጃቸው ማንኪያ ያቀርባሉ። ደህና የሆኑ ቀን ግን ከሁሉም የሚብሱ አስተማሪ ነበሩ፤ ቱየት መዝሙሩን ስትዘምር ጉልበቷን በጣታቸው እየመቱ ምቱን ያስይዟታል።

እነዚህ ሁለት ሴቶች ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። በመጀመሪያው ዓመት እሳትና ጭድ ነበሩ። ያን ጊዜ በየመንደሩ የውጭ ሙሽራ ጠፋች፣ ከተማ ልሄድ ብላ ወጥታ ቀረች የሚል ወሬ ነበር። እማማ ፒልሱን እንደ ብዙዎቹ አማቶች አደረጉ፤ የሙሽራዋን ፓስፖርት በላስቲክ ጠቅልለው የጨው ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ቱየት ታውቅ ነበር። ኪምቺ የሚሉት በጨው የሚብላላ ጎመን ሊጣል ሲል ጨው እየዘገነች ጫፉን በጣቷ ነክታዋለች፣ ነክታም መልሳ ሸፍናዋለች፣ ማታ ግን ትራሷን ነክሳ አልቅሳለች።

ጂንቴ በተቀበረ ማግስት እማማ ፒልሱን እጃቸው በጨው ነጥቶ ወደ ቱየት መጡ። ፓስፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ውሰጂ። ገና ወጣት ነሽ። ልጄ ሞቷል፣ እንግዲህ በምን እይዝሻለሁ? ሂጂ።»

ቱየት ፓስፖርቱን ከመኖሪያ መታወቂያዋ ጋር በቀይ ከረጢት አድርጋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሩዝ ጣደች። በማግስቱ ሁለቱም ነጭ ሽንኩርት ሊያርሙ ወጡ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላወሩም፤ ወሬም አላስፈለገውም።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የናጁዋና የቦሰንጓ ከሩዝ የተሠራ የሚያጣብቅ ከረሜላ ይዘው መጡ። ፈተና ያለበት ሰው ይህን ይበላል፤ እንደ ከረሜላው እንዲጣበቅና እንዳይወድቅ ነው።

«የባሕር ቅጠል ሾርባ ደግሞ እንዳትቀምሺ! ያንሸራትታል» አሉ የቦሰንጓ።

«እሷስ በልታም አትንሸራተትም» አሉ የናጁዋ። «እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ታዲያ፣ የናጁዋ አስተማረችኝ በይ። የቦሰንጓን ስም ካነሳሽ ይጥሉሻል።»

እየተሰዳደቡ ሄዱ። ቱየት ጥቁር ካፖርቷን አውጥታ አራገፈች፣ ጫማዋን ወለወለች፣ ከዚያ መሳቢያውን ሳበች። ቀዩ ከረጢት የለም።

«እማማ፣ ቀዩን ከረጢት አይተውታል?»

«የምን ከረጢት?»

«ፓስፖርቴ ያለበትን። ነገ ከተማ ልሄድ አይደል?»

የእማማ ፒልሱን ፊት ተለወጠ። ቱየት ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ደጃፉ ላይ የተቀበላት ፊት ነው።

«ከተማ!» አሉ። «ሁሉም ከተማ ልሄድ ብለው ነው የሚጠፉት። የላይ ቤቷም ሙሽራ ከተማ ልሄድ ብላ ነው። ልጄን ብቻውን ጥለሽው ልትሄጂ ነው?»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ቱየት ወደ ጨው ጆንያው ሮጠች። ጨውን በሙሉ ወለል ላይ ዘረገፈችው፤ ከጨው በቀር ምንም የለም። የሩዙን በርሜል ገለበጠች። ግቢ ያሉትን የአኩሪ አተር ጋኖች አንድ በአንድ ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። የዶሮውን ቤት፣ የወለሉን ምንጣፍ ሥር፣ ከሠርጉ ፎቶ ጀርባ ያለውን ሁሉ አየች። እማማ ፒልሱን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ ምን እንደጠፋት ይጠይቋታል።

ሊመሽ ሲል ልባቸው ተመለሰ። የፈሰሰውን ጨው አዩ፣ የቱየትን እጅ አዩ።

«እኔ ነኝ የደበቅኩት?» አሉ በቀስታ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት እማማ። የት አደረጉት?»

«ሰጥቼሽ አልነበረም እንዴ? ሂጂ ብዬሽ አልነበረም?» ግንባራቸውን በጡጫ ይመቱ ጀመር። «ይሄ ደንቆሮ ራስ! ይሄ የበሰበሰ ዱባ!»

ቱየት እጃቸውን ያዘች። አብረው ፈለጉ። አሮጊቷ በጉልበታቸው እየዳሁ ከአልጋው ሥር፣ ከምድጃው አፍ፣ ማንም ዕቃ ከማያስቀምጥበት ቦታ ሁሉ ፈለጉ። በመጨረሻ ያልተነካ የቀረው ጥጉ ላይ ያለው የእንጨት ሳጥን ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ እማማ ፒልሱን ገና ጤነኛ ሳሉ በራሳቸው እጅ የሰፉት የመቀበሪያ ልብሳቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቱየት በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ባለቤቱ በቁሙ ሳለ መግነዙን መዘርጋት ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ ምራት የሆነች ሴትማ አታስበውም።

አሰበችው። እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች።

«እጅሽን አንሺ!» እማማ ፒልሱን ጮኹ። ልባቸው ዳግመኛ ሄዷል። «ገና አልሞትኩም! በቁሜ ልትገንዢኝ ነው?» በደረታቸው ሳጥኑ ላይ ወደቁ። ቱየት አሮጊቷን አስገድዳ ለማንሳት ክንዳቸውን ያዘች፤ ክንዳቸው ከመጥረጊያ እጀታ አይወፍርም። ለቀቀቻቸው። አሮጊቷም ሌሊቱን በሙሉ ሳጥኑን አቅፈው አደሩ።

ጠዋት የመንደሩ ሊቀመንበር በጭነት መኪናው ሊወስዳት መጣ። ካፖርቷን ለብሳ በረንዳው ላይ ባዶ እጇን ተቀምጣ አገኛት። ነገሩን ሲሰማ ተናደደና ወደ ፈተናው ቢሮ ደወለ።

«ዋናው መታወቂያ ከሌለ ማስገባት አንችልም ጌታዬ» አለች አንዲት ወጣት በጣም ትሁት በሆነ ድምፅ።

«የእኔ እህት፣ እኔ የመንደሩ ሊቀመንበር ነኝ! እሷ መሆኗን እኔ እመሰክራለሁ። ከፈለግሽ መንደሩን በሙሉ በዚህ መኪና ጭኜ አመጣልሻለሁ።»

«ይገባኛል ጌታዬ። ግን የሰው ምስክርነት አንቀበልም።»

«ቀኑን ግፉላት እንግዲያው።»

«ለሕመም ብቻ ነው የሚገፋው፤ የራሷ ሕመም ከሆነ። እስከ አራት ሰዓት ካልቀረበች እንደወደቀች ይቆጠራል። በጣም አዝናለሁ።»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ዘግቶ መሬት መሬት አየ። ከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያ አጠፋው፣ ትንሽ ቆይቶም መልሶ አስነስቶ ሄደ። የናጁዋ ግን የሰሙት ዘግይተው ነውና እያለከለኩ መጥተው፣ የኢንቾኑን ልጅ አስቀድመን ብንጠራው፣ ፖሊስ ብናመጣ፣ ሳጥኑን እኔ ብከፍተው ይሉ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቱየት አመስግና ሸኘቻቸው።

አራት ሰዓት ሆነ። ቱየት እዚያው በረንዳው ላይ ነበረች። አንድ ሰው በዚህች ደቂቃ ስሟን በፈተናው ቢሮ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ወደሚቀጥለው ስም እንዳለፈ ታያት። መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቧ ዘመረችው፤ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም።

በሩ ተከፈተ። እማማ ፒልሱን ተረጋግተዋል፣ ፀጉራቸውን እንኳ አበጥረዋል።

«ብርድ ነው፣ ግቢ» አሉ። እጇን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዷት፣ ግራና ቀኝ አይተው ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ሸካራውን የቃጫ መቀበሪያ ልብስ አወጡ፣ እጅጌውን ገለጡ። ቀዩ ከረጢት እዚያ ነበር።

«አየሽ? አልጠፋም» አሉ በሹክሹክታ፣ ደስ ብሏቸው። «የሞትኩ ቀን ሊያለብሱኝ ሲከፍቱት ያገኙታል። ያኔ ትወስጂውና ትሄጃለሽ። ያኔ ማንም አይይዝሽም። እስከዚያ ግን እዚህ ይቀመጥ፣ እሺ? ለጂንቴ እንዳትነግሪው፤ ከእርሻ ሲመለስ ይቆጣኛል።»

ቱየት ከረጢቱን አንስታ ያዘችው። ለአንድ አፍታ አሮጊቷን ጠላቻቸው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ከልቧ ጠላቻቸው። ልትጮህ አፏን ከፈተች። እማማ ፒልሱን ግን ከረጢቱን እንጂ ፊቷን እያዩ አልነበረም።

«ትሄጃለሽ?»

በካፖርቷ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አወጣችው፤ ጂንሆ ነው። አለፍሽ ወይ ሊላት ነው።

ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ከረጢቱን ወደነበረበት እጅጌ መለሰች፣ ልብሱን በእጥፋቱ አጠፈች፣ ክዳኑን ገጠመች።

«አልሄድም እማማ» አለች።

እማማ ፒልሱን በረጅሙ ተነፈሱ። ከትናንቱ ከረሜላ አንድ ቁራጭ ሰብረው በጣታቸው አፏ ውስጥ ከተቱላት።

«ብዪ እንግዲህ» አሉ። «ትጣበቂያለሽ።»

ስልኩ መጮኹን አላቆመም። ቱየት አኘከች፤ ጥርሷ እርስ በርሱ ተጣብቆ ብትፈልግም አፏ አይከፈትላትም ነበር።