የሐምሌ ጃኬት

ይኸ የምጽፈው ነገር ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ሚካኤልን! የሚያውቁኝ ሰዎች ይኸን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ በገባሁበት ዓመት ምራቄን ብተፋ አየር ላይ በረዶ ሆኖ የጎረቤቴን መስኮት ሰበረው ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ። ያመነኝም አልጠፋም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን በወሬ ነው የሞላሁት። ይኸኛው ግን ወሬ አይደለም። ወሬ ቢሆን ደስ ባለኝ።

የሺጥላ የታክሲ ሹፌር ነበር። በፈረንጅ ዘጠና አራት መሆኑ ነው፤ ማርልቦሮ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ረጅም፣ ቁጥብ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። ወሬ ባያበዛም ሰላምታ ላይ አይታማም፤ ትከሻህን በትከሻው ሲገጭህ አጥንትህ ይጮኻል፤ ከዚያ አቅፎህ ይቆያል።

ግንቦት ላይ አንድ ቀይ ፂም ያለው ተሳፋሪ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ኦኮቶክስ አድርሰኝ አለው። መንገዱ ጭር ሲል ሰውየው ከኋላ ወንበር ተነስቶ ቢላ አንገቱ ላይ አሳረፈበት። የሺጥላ ኪሱ ያለውን አራግፎ ሰጠው። ሰውየው በሩን ከፍቶ በስንዴው እርሻ ውስጥ ሮጠ፤ ፖሊስ መጣ፤ ጻፈ፤ ሄደ። አንገቱ ላይ የቀረው ጭረት በሳምንቱ ጠፋ። ሰውየው ግን ከኋላ ወንበር አልወረደለትም። ባዶ መኪና ሲነዳም መስታወቱን እያየ ነው።

ቢሆንም ቀስ በቀስ ይረሳው ነበር፣ መኳንንት የሚባል ጓደኛው ባይኖር።

መኳንንትም ሹፌር ነው፤ አፉ የማያርፍ። ሰኔ ላይ ሹፌሮቹ ሻይ በሚጠጡበት ዶናት ቤት የሺጥላ ሲገባ ገና ከሩቁ ጠራው።

«የሺ፣ ና ቁጭ በል። ትናንት ማንን እንደጫንኩ ብነግርህ አታምነኝም።»

«መች አምኜህ አውቃለሁ?»

«እሱማ ልክ ነህ። ብቻ ስማ። አንድ ቀይ ፂም ያለው ፈረንጅ ነው። ገና በሩን ሳይዘጋ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ያ ጥርሱ ፍንጭት የሆነው ጓደኛህ አሁንም ማርልቦሮ ነው ያለው?›»

የሺጥላ ኩባያውን አስቀመጠ። «ቀይ ፂም?»

«እንደ በርበሬ!»

«ምን አልከው?»

«ኦኮቶክስ ገብቷል፣ እዚያ ሄደህ ፈልገው አልኩታ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። የሺጥላ ብቻ አልሳቀም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

የመኳንንት ታክሲ ውስጥ ቀይ ፂም ያለው ሰው አልገባም። የዘራፊውን መልክ ከራሱ ከየሺጥላ አፍ የሰማውን ነው መልሶ ቀብቶ የሸጠለት። በማግስቱ «ቀልዴን እኮ ነው» ሊለው አስቦ ነበር። በማግስቱ ሌላ ቀልድ መጣ፤ ያኛው ተረሳ።

በሳምንቱ የሺጥላ ሽጉጥ ገዛ። ከማን እንደገዛት አልተናገረም። መዳፍ የማትሞላ ትንሽዬ ነገር ናት። ፈቃድ የላትም፤ ወገቡ ላይ ብትገኝ ወህኒ እንደሚወርድ ያውቃል። በዕድሜው መሣሪያ ነክቶ ስለማያውቅ ጥይቶቹን ያጎረሰለት ራሱ የሸጠለት ሰው ነው። የሺጥላ ሱሪው ውስጥ ሻጣት፤ ከላይ የቆዳ ጃኬቱን ደረበ።

በብርዱ ወራት ቢሆን ካልጋሪ ውስጥ መድፍ ታቅፎ የሚሄድ ሰውም አይነቃበትም። ግን ሐምሌ ነው። ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አልጠልቅ እያለች አስፋልቱን ታቀልጣለች። የታክሲው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ ራቁቱን ሊሄድ ትንሽ ሲቀረው የሺጥላ ዚፑን እስከ ደረቱ ቆልፎ መሪ ጨብጧል።

«አንተ ልጅ፣ አሞሃል?» አሉት አንድ ቀን ጋሼ መዝገቡ። የሁሉም ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲታመምም ሲጣላም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «በዚህ ሐሩር ጃኬት?»

«አገር ቤት ሐምሌ ብርድ አይደል፣ ጋሼ? ሰውነቴ አልለመደም።»

«አሥር ዓመት ሙሉ?»

ላቡ ከብብቱ ተነስቶ በጎኑ ወርዶ ሽጉጧ ላይ ይጠራቀማል። ማታ ሲያወጣት ቆዳውን ይዛ ትነሳለች። ጎኑ ተላልጦ ውሃ ሲነካው ያቃጥለዋል፤ ሸሚዞቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ሻይ የተደፋባቸው ይመስላሉ። በካልሲ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ትራሱ ሥር ያስገባታል። ብረት ዘይት እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ለማን ተናግሮ?

ሰላምታውም ቀረ። ማን አቅፎት ጎኑን ይዳስስበት? ከሩቅ እጁን ዘርግቶ የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ይሰጣል። ሰው «የሺጥላ ኮራ» አለ። ቤተ ክርስቲያን ይዟት አይገባ፣ መኪና ውስጥ ትቷት አይገባ፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወው።

የስታምፒድ በዓል ሳምንት መጣ፤ ከተማው በሙሉ ባርኔጣ ደፍቶ ከብት ጠባቂ የሚሆንበት። አንድ ሞቅ ያላቸው ሽማግሌ ፈረንጅ ጫነ። መንገድ ላይ ከኋላው «እጅ ወደ ላይ!» የሚል ድምፅ መጣ። የሺጥላ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፤ ጣቱ ምላጩን አገኘ። መስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ ሲያይ ሽማግሌው የፕላስቲክ ሽጉጥ ይዘው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ጥግ ይዞ ቆመ። ሰውየው ወርደው ከሄዱ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን ማስነሳት አቃተው። ያን ቀን ወደ ቦው ወንዝ ሊወረውራት ድልድዩ ድረስ ሄዶ ነበር። ቀይ ፂሙ ትዝ አለው፤ ተመለሰ።

እንዲህ ሆኖ ባለበት፣ ማክሰኞ ዕለት ከደብረ ብርሃን ስልክ ተደወለ። የየሺጥላ እናት፣ እትዬ የዓለምወርቅ፣ አርፈዋል። እንደ ወጉ ለእሱ አልተደወለም፤ ራንድል ሰፈር ለምትኖረው ለአክስቱ ልጅ ለቆንጅት ነው። ቆንጅት አፏን በነጠላዋ አፍና አልቅሳ ለጋሼ መዝገቡ ነገረች።

«ልጁ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ነው የሚውለው» አሉ ጋሼ። «በሥራ ቀን መርዶ አይነገርም። ቅዳሜ ማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ተሰብስበን እንሄዳለን። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር።»

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ የየሺጥላ እናት መሞታቸውን አወቀ። የማያውቀው የሺጥላ ብቻ ነበር።

እሱ ደግሞ የሚያየውን አየ። ረቡዕ ዶናት ቤት ሲገባ ወሬው እንደ ራዲዮ ጠፋ። ሐሙስ አንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «አይዞህ» አለውና፣ ምነው ቢለው ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። ሐሙስና ዓርብ አመሻሹ ላይ አንድ ግራጫ መኪና ደጁን እየተሳበ አለፈ፤ ዞሮ ተመልሶም አለፈ። መኳንንት ነበር፤ ጋሼ መዝገቡ ልጁ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት አይተህ ና ብለው ልከውት፣ መኪናዬን ያውቃታል ብሎ የሰው መኪና ተውሶ። የሺጥላ ከቤዝመንቱ መስኮት ያየው ጎማውን ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ ቆንጅት ደወለች።

«በላህ?»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው። በላህ ወይ?»

«በሐምሌ ምን ጉንፋን አለ?»

«አንተስ በሐምሌ ጃኬት ትለብስ የለ እንዴ! ደህና አድርገህ ብላ፣ እሺ? ጠዋት ቤት ነህ አይደል?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አለችና ዘጋችው።

የሺጥላ ደመረው፤ አንድ ሆነለት። ሰውየው መጥቷል። ጓደኞቹ አይተውታል፣ እሱ እንዳይደነግጥ ይደብቁታል። ዓርብን በጃኬቱ፣ ጫማውን እንዳደረገ ወንበር ላይ አሳለፈ። ሙቀቱ ሌሊትም አልበረደም፤ ሽጉጧ ጎኑ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጣለች።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነግቶ ፀሐይ ወጥታለች። ሣሩ ላይ ኮቴ ሰማ። የቤዝመንቱ መስኮት ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ሁለት ጥቁር ጫማ። ከዚያ አራት። ከዚያ መቁጠር አቃተው። ሁሉም ጥቁር፤ ከፊት የሚሄደው ብቻ ቡናማ። አንዳቸውም ቃል አይናገሩም። በጎን በኩል ወዳለው በር ዞሩ፤ ደረጃውን ሲወርዱ እንጨቱ ተንቋቋ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

ፊት የቆመው መኳንንት ነበር። ጋሼ መዝገቡ ደረጃው አቅቷቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ሳልደርስ አፍ የሚከፍት እንዳይኖር ብለው አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያም ባይኖር መኳንንት መናገር አይችልም ነበር። ዘመኑን ሁሉ አርፎ የማያውቅ ምላስ ያን ጠዋት እንባ አንቆ ያዘው።

«ማነው?» አለ የሺጥላ በፈረንጅ አፍ።

ዝም።

«አንተ ነህ?»

እጀታው ትንሽ ተነቃነቀ።

የሺጥላ ሽጉጧን በሩ ላይ፣ የሰው ደረት በሚሆንበት ቦታ ደገነ። ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩን ሳበ።

ምላጩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። አሁንም ሳበ፤ በሁለት ጣት ሳበ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠጣችው ላብ ሆዷን በልቶት፣ ብረቱ ከብረቱ ተጣብቋል። እጁ ላይ የቀረው ቀይ የዝገት ዱቄት ብቻ ነው።

ይኸኔ ከበሩ ማዶ የጋሼ መዝገቡ ድምፅ መጣ። «የሺጥላ፣ እኛ ነን። ክፈት ልጄ።»

በማለዳ ያን ያህል ሐበሻ በአንድ ላይ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የሺጥላ ሽጉጧን ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ጥሎ ክዳኑን መለሰና በሩን ከፈተ። ፊት ለፊቱ አሁን ጋሼ መዝገቡ ናቸው፤ ከኋላቸው ቆንጅት፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ።

«እማዬ ናት?» አለ።

አቀፉት።

ያን ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ ያየ አይረሳውም። ጃኬቱን አውልቆ ደረቱን ሲመታ ሸሚዙ ተተርትሮ ጎኑ ላይ ቀይ የብረት ማኅተም የመሰለ ነገር ታየ፤ ሴቶቹ ቃጠሎ መሰላቸው። «ገድዬ ነበር እኮ!» ይል ነበር። «በገዛ እጄ ገድዬ ነበር እኮ!»

«ኧረ አንተ አልገደልካትም፤ ዕድሜዋ ነው» ይሉታል የሚያጽናኑት። አሥር ዓመት ሄዶ እናቱን ያላየ ልጅ የሚለው ነው ብለው። መኳንንትም አቅፎት አብሮ እንዲሁ አለ።

ከዚያ በኋላ ጃኬቱን ማንም ለብሶት አላየውም። ሽጉጧ ከሰልስቱ በኋላ ቦው ወንዝ ገባች። ሰላምታው ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የጣቱን ጫፍ ነው የሚሰጠው፤ እንደ ድሮው እቀፈኝ ብለህ ብትጠጋው ገሸሽ ይላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ድልድይ ላይ፣ ይኸን ሁሉ ለመኳንንት ነገረው፤ ለእሱ ብቻ። ሲጨርስ ወንዙን እያየ ጠየቀው።

«ፊት የቆመው ማን ነበር? እግሩን ብቻ ነው ያየሁት። ቡናማ ጫማ።»

መኳንንት ስለ ቀይ ፂሙ ሊነግረው አፉን ከፈተ። «እንጃ» አለ። «ሁላችንም ነበርን።»

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ። መኳንንት የሚባል ሰው የለም። ቡናማው ጫማ የእኔ ነው።